ለእግር ጉዞና ለአደን ሱሪ ሲመርጡ ከጨርቁ በፊት ስፌቱን ይዩ

የጉዞና የአደን ሱሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው አራት ቦታ ላይ ነው፦ ብሽሽት፣ ጉልበት፣ መቀመጫና ጫማ የሚፈትገው የእግሩ ጫፍ። ወገቡ አካባቢ ወይም ባቱ መሃል አርጅቶ የተጣለ ሱሪ ብዙ አይታይም። ገዢ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የጨርቁን ስም ነው። ጥሩ ጨርቅ በመጥፎ ቅድ ከተሰፋ፣ መካከለኛ ሆኖ በደንብ ከተሰፋው ቀድሞ ይተረተራል። ስለዚህ ሱሪውን ሳይለኩ በፊት ገልብጠው ውስጡን ይመርምሩ።

መጀመሪያ ብሽሽቱን። ተራ ሱሪ ላይ የሁለቱ እግሮች የውስጥ ስፌትና የፊትና የኋላው ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ተገናኝተው መስቀል ይሠራሉ። እግር በተነሳ ቁጥር፣ ቁጢጥ በተባለ ቁጥር ጉተታው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ክሩ መጀመሪያ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ለጉዞ የተሠራ ሱሪ መጋጠሚያው ላይ የተጨመረ ቁራጭ ጨርቅ አለው፤ ባለ አራት ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ይህ ቁራጭ ስፌቶቹ አንድ ነጥብ ላይ እንዳይገናኙ ያደርጋል፤ እግርም ሌላውን የሱሪ ክፍል ሳይጎትት ይከፈታል። ቁራጩ በጭን ውስጠኛ ክፍል እስከ ጉልበት ከወረደ ደግሞ የተሻለ ነው። ስፌቱ ጭን ለጭን ከሚፋተግበት ቦታ ስለሚርቅ፣ ረጅም መንገድ ላይ ቆዳ የሚልጠው ወፍራም መስመር አይኖርም። ይህ ቁራጭ የሌለውን ሱሪ፣ የቀረው ነገሩ ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ለተራራ አይግዙት።

ቀጥሎ የስፌቱ ዓይነት። ጠንካራው ስፌት የሁለቱ ጨርቆች ጠርዝ እርስ በርስ ተጣጥፎ ገብቶ፣ በላዩ ሁለት ወይም ሦስት ትይዩ መስመር የተሰፋበት ነው፤ የጂንስ ሱሪ እግር የውስጥ ስፌት ላይ የሚታየው ዓይነት። አንድ መስመር ብቻ ተሰፍቶ ጠርዙ በዚግዛግ የተዘጋ ከሆነ፣ አንዷ ክር ስትበጠስ ቀሪው ተከታትሎ ይፈታል። በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ3 እስከ 4 መርፌ መኖር አለበት። ከዚያ ከሳሳ ሲሳብ ስፌቱ አፉን ይከፍታል፤ በጣም ከጠበበ ደግሞ መርፌው ጨርቁን ስለሚበሳሳው ልክ እንደ ወረቀት በመስመሩ ላይ ይቀደዳል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ላብና እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። የኪስ አፍ ጥግ፣ የፊት ዚፑ ታችኛው ጫፍና የቀበቶ ማስገቢያዎቹ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ አጭር የማጠናከሪያ ስፌት ይፈልጉ። እሱ ከሌለ ኪሱ ከነጭነቱ ጎኑን ይዞ ይቀደዳል።

ጉልበት ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ቅርፁ ነው፦ ጥሩ ሱሪ መሬት ላይ ሲዘረጋ እግሩ ቀጥ አይልም፣ ጉልበቱ ላይ በትንሹ ይታጠፋል። ያ መታጠፍ ጨርቁን አጥፈው በሰፉ አጫጭር ስፌቶች የተሠራ ስለሆነ ሽቅብ ሲወጡ ጨርቁ ጉልበትን አያስርም። ሁለተኛው ድራቡ ነው። ሲንበረከኩ ጠጠሩን የሚነካው የጉልበት ሎሚ ብቻ ሳይሆን ከሎሚው በታች ያለው ክፍልም ነው። የብዙ ሱሪዎች ድራብ ግን ሎሚው ላይ ያበቃል። ቆመው ሲያዩት ድራቡ ከሎሚው በታች አራት ጣት ያህል መውረድ አለበት። ታችኛው ጠርዙ በከፊል ክፍት ከሆነ የገባው አሸዋ ይወጣል፣ ለስላሳ ትራስም ማስገባት ይቻላል። አደን ላይ ተንበርክኮ መቆየት ስለሚበዛ ይህ ከጌጥ አይቆጠርም።

ሲለኩት

ሱሪን በመስታወት ፊት ቆሞ መለካት የጉዞን ነገር አይነግርም። የሚሄዱበትን ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ለብርድ ቦታ ከሆነ የውስጥ ሱሪውንም ለብሰው ይለኩ። ከዚያ አንድ እግርዎን ጉልበት የሚደርስ ከፍታ ባለው ወንበር ላይ ያውጡ፤ ጭንዎ ላይ ጨርቁ ከተወጠረ ወይም በእጅዎ መሳብ ካስፈለገዎት አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ይበሉ፤ የጀርባው ወገብ ወርዶ ሸሚዝዎ ከወጣ የኋላው ቁመት አጭር ነው፣ ቀበቶም አያድነውም። ቁጢጥ እንዳሉ የእግሩን ጫፍ ይዩ፦ ከጫማው አንገት በላይ ወጥቶ ካልሲ ከታየ ሣርና ጤዛ በዚያ ይገባሉ። ቆመው ደግሞ ጫፉ ተረከዝ የሚረግጠው ያህል አይርዘም፤ ፈጥኖ ይበላል፣ ቁልቁለት ላይም ያደናቅፋል።

ወገቡ ቀበቶ ሳይታሰር ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ከባድ የጀርባ ቦርሳ የሚሸከም ሰው ቦርሳውን ወገቡ ላይም ያስራል፤ በዚያ ማሰሪያ ሥር የተደራረበ ስፌት፣ የብረት ቁልፍ ወይም ወፍራም የቀበቶ ዘለበት ካለ ሰዓታት ውስጥ የዳሌ አጥንትን ያቆስላል። ጠፍጣፋ የጨርቅ ቀበቶ ወይም በትከሻ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ይሻላል።

ጨርቁ

የጨርቅ ውፍረት የሚለካው አንድ ካሬ ሜትሩ በሚመዝነው ግራም ነው። ለሞቃትና ለተከፈተ መንገድ ከ130 እስከ 170 ግራም ይበቃል። ከ180 እስከ 250 ያለው ለአብዛኛው ነገር ይሆናል፤ አንድ ሱሪ ብቻ የሚገዛ ሰው እዚህ ውስጥ ይምረጥ። እሾህና ብርድ ባለበት ከ280 በላይ ያስፈልጋል። መለያው ላይ በአውንስ ከተጻፈ፣ በካሬ ያርድ አንድ አውንስ በካሬ ሜትር 34 ግራም ገደማ ነው።

ናይሎን ፍትጊያን ከፖሊስተር የበለጠ ይችላል፤ ፖሊስተር በፋንታው ውኃ እምብዛም አይመጥም፣ ፀሐይንም የተሻለ ይቋቋማል። ጥጥ ደረቅ ሳለ ምቹ ነው፣ ድምፅም የለውም፤ ከራሰ በኋላ ግን ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይዝም። በብርድና በዝናብ ጂንስ መልበስ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነ ጥብቅ ድብልቅ ለአደን ድንቅ ነው፦ ድምፁ አነስተኛ ነው፣ እሾህ ይመልሳል፣ ጉልበትና መቀመጫው ላይ ሰም ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ ሲያሞቁትም ጤዛን ይከላከላል። ሱፍ ለብርድና ለዝምታ ተወዳዳሪ የለውም፤ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል፣ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዝግ ብሎም ይደርቃል።

የሚለጠጥ ክር ከ3 እስከ 8 በመቶ ቢኖር እንቅስቃሴን ያቀላል። ከዚያ ሲበዛ ችግር ይጀምራል፦ ሙቀትና ፀሐይ ያንን ክር ቀስ በቀስ ስለሚገድሉት ጉልበቱ ተለጥጦ ይቀራል። በጣም የሚለጠጥ ጨርቅ ሽመናው የላላ ከሆነ ደግሞ እሾህ ክሩን መዝዞ ያወጣል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስተው በሁለት እጅ ወጠር ያድርጉት፤ እንደ ወንፊት ብርሃን ካሳለፈ ለቁጥቋጦ አይሆንም።

በጨርቁ ላይ የሚታየው የትንንሽ ካሬዎች መረብ ብዙ ሰው ያሳስታል። መረቡ የተጀመረ ቀዳዳ እንዳይሰፋ ያቆማል እንጂ እሾህ እንዳይወጋ ወይም ድንጋይ እንዳይፍቅ አይከለክልም። ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ውስጥ ለሚገባ የሚበጀው ጭኑ ፊትና ቅልጥሙ ላይ እንደ ኮርዱራ ባለ ከባድ ናይሎን የተደረበ ሱሪ ነው። ሱሪው በሙሉ እንዲህ ከሆነ ግን ሽቅብ ላይ ያፍናል። ቅልጥምን ብቻ መጠበቅ ከሆነ ገምባሌ ይበቃል፣ ሲሞቅም ይወልቃል።

የእሳት ዳር ነገርም አለ። ናይሎንና ፖሊስተር በፍንጣሪ ይቀልጣሉ፤ ትንሿ ፍንጣሪ የመርፌ ቀዳዳ ታወጣለች፣ ትልቅ ነበልባል ቢነካቸው ደግሞ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ።

ለአዳኙ ብቻ

ድምፅን ሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፦ ጨርቁን በጥፍር ይቧጩት፣ ከዚያ ለብሰው ጭን ለጭን እያፋተጉ ይራመዱ። ውኃ የማያስገባ ሽፋን የተቀባ ናይሎን ይንሿሿል። ገጹ የተቦረሸ ፖሊስተርና ሱፍ ዝም ይላሉ፤ ዋጋው ግን ጭጎጎትን የመሰለ ተጣባቂ ፍሬ ሁሉ መልቀም ነው። ሲከፈት በሚጮኸው ተጣባቂ ጨርቅ (ቬልክሮ) የሚዘጋ ኪስ ለአደን ሱሪ አይገባም፤ አዝራር ይሁን።

ስለ ቀለም፣ አጋዘንና መሰሎቹ ቀይንና ብርቱካናማን ለይተው አያዩም፣ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ። ቡናማ፣ አረንጓዴ ወይም አመድማ ሱሪ ከሰማያዊ ጂንስ ይሻላል። ልብስ የሚያነጣ ንጥረ ነገር ያለበት የዱቄት ሳሙናም ጨርቁን ለእንስሳቱ ዓይን የበለጠ እንዲታይ ያደርገዋል፤ ያለዚያ የተሠራውን ይጠቀሙ። ጼጼ ዝንብ ባለበት አገር ሰማያዊና ጥቁር ዝንቡን ይጠራሉ። መዥገር ባለበት ደግሞ ፈካ ያለ ቀለም ተሳቢውን ያሳያል፤ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። ለልብስ የተዘጋጀ 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን ሱሪው ላይ ተረጭቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይለበሳል። ቆዳ ላይ አይረጭም፤ እርጥብ ሳለም ለድመት መርዝ ነው።

ዝናብ

ውኃ የማያስገባ ሱሪ ለብሶ ቀኑን ሙሉ መሄድ ከውስጥ በላብ መበስበስ ነው። የተሻለው ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ ለብሶ፣ ለዝናቡ ከላይ የሚደረብ ቀጭን ሱሪ መያዝ ነው። የሚደረበው ጫማ ሳይወልቅ እንዲገባ የጎን ዚፑ ቢያንስ እስከ ጉልበት ይድረስ። ጨርቁ ሳያስገባ የሚችለው የውኃ ግፊት በቁጥር ከተጻፈበት 10,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይምረጡ፤ እርጥብ መሬት ላይ መቀመጥና መንበርከክ ውኃውን በኃይል ስለሚገፋው ዝቅተኛው ያስገባል።

አጠባብና ጥገና

ዚፑን ዘግተው፣ ገልብጠው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይጠቡት። የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ውኃ የሚያንሸራትተውን የጨርቁን ቅብ ይሸፍነዋል። የውኃ ጠብታ ላዩ ላይ መንከባለል ትቶ መስረግ ከጀመረ መጀመሪያ በደንብ ያጥቡት፣ መለያው ከፈቀደ በመጠነኛ ሙቀት ያድርቁት። ካልተመለሰ አዲስ ቅብ ያስፈልገዋል።

ብሽሽቱንና ጉልበቱን በየጊዜው ወደ ብርሃን አንስተው ይዩ። መሳሳት እንደጀመረ፣ ሳይቀደድ፣ ከውስጥ ይለጠፍበት። ልጣፊው ከሳሳው ቦታ በየአቅጣጫው 2 ሴንቲሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኖቹም ክብ ይሁኑ፤ ሹል ማዕዘን በሁለት እጥበት ይነሳል። የሚለጠጥ ሱሪ ላይ የሚለጠጥ ልጣፊ ካልተደረገ አዲሱ ቀዳዳ የሚወጣው በልጣፊው ጠርዝ በኩል ነው።