ለእናት ወይም ለአባት ጉዳይ ሶሻል ሴኩሪቲ ሲደውሉ

አሜሪካ ውስጥ የእናቱን የኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ወርሃዊ ድጎማ) ጉዳይ ለማስጨረስ ክፍያውን ወደሚያስተዳድረው የመንግሥት ቢሮ፣ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚደውል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ወረፋው ላይ አይደለም። ያን ሁሉ ሙዚቃ ሰምቶ መስመሩ ሲነሳ "እርሳቸው ካልፈቀዱ ላነጋግርህ አልችልም" ይባላል። ውክልና አለኝ ማለትም አያዋጣም፤ ቢሮው የጡረታ ወይም የኤስኤስአይ ገንዘብ ለማስተዳደር ውክልናን አይቀበልም።

ስለዚህ እናትዎ አጠገብዎ ሳይሆኑ አይደውሉ። መጀመሪያ የሚጠየቁት የሶሻል ቁጥር፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታና የወላጆቻቸው ስም ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እናት "የልደታ ማግስት ነው የተወለድኩት" ይላሉ፤ ወረቀታቸው ግን ጃንዋሪ 1 ይላል። የሚፈለገው ወረቀቱ ስለሆነ በዋዜማው አብረው ይለማመዱት። ላስት ኔም ሲባሉም ካርዱ ላይ ያለው የአያት ስም ከሆነ የአባታቸውን እንዳይናገሩ። ይህን ካለፉ በኋላ እናትዎ "ልጄ እንዲያነጋግርልኝ ፈቅጃለሁ" ይበሉ። እንግሊዝኛ ካልቻሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ነፃ ነው።

አብረው መሆን ካልቻሉ ኤስኤስኤ-3288 የተባለውን ፎርም አስፈርመው አስቀድመው ለአካባቢው ቢሮ ያስገቡ። ይህ መረጃ ለማግኘት ብቻ ነው። ወክሎ ለመከራከር ኤስኤስኤ-1696 ያስፈልጋል።

ቁጥሩ 1-800-772-1213 ሲሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 7 ይሠራል። ሰኞንና የወሩን መጀመሪያ ይሽሹ፤ ክፍያ በ1 እና በ3 ስለሚገባ ያልደረሰው ሁሉ ያን ሰሞን ይደውላል። ሐሙስ ወይም ዓርብ ማለዳ፣ ወሩ ሲጋመስ ይሻላል።

ሲያወሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሠራተኛውን ስምና የተባሉትን ይጻፉ። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲል የሚይዙት እሱን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በስልክ ተነጋግሮ ጉዳዩ ተያዘ ብሎ መተው ነው። "ትርፍ ተከፍሎዎታል፣ ይመልሱ" የሚል ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈ በ5ኛው ቀን እንደደረሰዎት ይቆጠራል። መደወል ይህን ቀን አያራዝምም። ዕዳው ልክ አይደለም ካሉ ኤስኤስኤ-561 ያስገቡ። ልክ ሆኖ ጥፋቱ የእናት ካልሆነና መክፈል ካልቻሉ ደግሞ ምሕረት የሚጠየቅበት ኤስኤስኤ-632 አለ። በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካስገቡ የኤስኤስአይ ክፍያው ውሳኔ እስኪሰጥ ሳይቀነስ ይቀጥላል።

የትርፍ ክፍያው ምክንያት ብዙ ጊዜ የአገር ቤት ጉዞ ነው። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ኤስኤስአይ ይቋረጥበታል፤ ለመቀጠልም ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን መቀመጥ አለበት። ለፋሲካ ሄደው እስከ ዳግማ ትንሣኤ ቢቆዩ ግድ የለም፤ ክረምቱን ካሳለፉ ግን ሳይጠየቁ ያሳውቁ። ከላይ ከተጠቀሱት ፎርሞች የትኛውንም ቢሮ ወስደው የሚያስገቡ ከሆነ ሁለት ኮፒ ይያዙ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ማኅተም አስደርገው ይዘው ይውጡ።