ለሬዚደንሲ ስትሄዱ ሸራችሁን እንዲህ ጠቅልሉ

ለሦስት ወር ሬዚደንሲ (ለሠዓሊ ስቱዲዮና የሥራ ጊዜ የሚሰጥበት ቆይታ) የወጣሁ ጊዜ ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት በጥድፊያ ነበር። ሸራዎቼን ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጌ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳቸው። ደርሼ ስፈታቸው፣ የእናቴን ጓዳ የሳልኩበት መሃሉ ላይ ተሰነጣጥቋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሉ በደንብ ይድረቅ። የዘይት ቀለም ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ወራት ይፈልጋል። ከዚያ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ ወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ተጨምቆ ይሸበሸባል። ቱቦው በወፈረ ቁጥር ይሻላል። ምንጣፍ ሻጮችን ጠይቁ፤ ባዶውን አይነፍጓችሁም። የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ እዚያው ግዙ።

ስቱዲዮ ስትገቡ ለመጨረስ አትቸኩሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ጠዋትና ከሰዓት በእርሳስ ስመዘግብ ነው ያሳለፍኩት። የበኋላው ሥራዬ ሁሉ ከዚያ ወጣ።

አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2000–2001 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ሃርለም በሚገኘው ስቱዲዮ ሙዚየም ሬዚደንት ነበረች። ሥዕሎቿን ቀረብ ብላችሁ እዩ። የሕንፃ ንድፍ፣ በላዩ ጥርት ያለ አክሪሊክ፣ እንደገና የቀለም ጭረት። እንዲህ ያለ ድርብርብ ሥራ ጊዜ ይበላል። ሬዚደንሲ የሚሰጣችሁም ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ማመልከቻችሁ ላይ በጊዜው ምን እንደምትሠሩበት በግልጽ ጻፉ።