የአሮጌ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ዳሽቦርድ ቤት ውስጥ ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ አሮጌ ላንድሮቨርና ባለ 40 ላንድክሩዘር ዛሬም ከመንገድ አልጠፉም። ሞተሩ ይታደሳል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ጎማው ይቀየራል። ዳሽቦርዱን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ፀሐይ ሰነጣጥቆት፣ አቧራ ውጦት፣ ግማሹ አምፖል ጠፍቶ ዓመታት ያልፉታል። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቱ ቆርጦ ይነሣና ግቢው ውስጥ ይፈታዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ተስተርና ትዕግሥት ላለው ሰው ሥራው አይከብድም። ነገሩን የሚያበላሸው በአብዛኛው ቅደም ተከተሉ ነው።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ዳሽቦርድ መጀመሪያ ለሾፌሩ እውነቱን መናገር አለበት፤ ማማሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያንን ዳገት ሲወጡ የሙቀት ጌጁ (መለኪያው) ከዋሸዎት፣ አዲስ የለበጡት ቆዳ ሞተሩን አያተርፈውም።

ከውበቱ መጀመር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቀለም ነው። ወይ ደግሞ ቆዳ። ከዚያ ሁሉ አምሮ ሲያልቅ የነዳጅ ጌጁ እንደማይሠራ ይታወቅና የተቀባው እንደገና ይፈታል፣ ይጫራል።

አንድም ብሎን ሳይነኩ ቁልፉን ይክፈቱና ያለውን ሁሉ ይሞክሩ። የቱ አምፖል በራ? የቱ መርፌ ተነሣ? ፍሬቻው፣ የዘይቱ መብራት፣ የባትሪው መብራት? ሁሉንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ ዝርዝር የሥራዎ እቅድ ነው። ቀለም ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይግባ።

የውሃውን መግቢያ ሳይደፍኑ ማደስ

የእኛ አገር ክረምት ቀልድ አያውቅም። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ለሚኖር ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ መስከረም በመስታወቱ ጎማ ሥር የሚገባው ውሃ ቀጥታ የሚወርደው ፊውዙና ሽቦው ላይ ነው። በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ያሉት የአየር ማስገቢያ ክዳኖች ጎማቸው ሲደርቅ በደንብ አይገጥሙም።

የላንድሮቨር ቦዲ አልሙኒየም ስለሆነ አይዝግም ብለው የሚዘናጉ አሉ። እውነት ነው፣ አብዛኛው ቦዲ አልሙኒየም ነው። ዳሽቦርዱን የተሸከመው፣ ሞተሩን ከሾፌሩ የሚለየው ግድግዳ ግን ብረት ነው። ዝገቱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው ከላይ በጆግ ውሃ ቀስ እያለ በመስታወቱ ዙሪያ ያፍስስ። ጠብ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ያ ሳይደፈን ወደ ሌላው አይለፉ። ብረቱ ከተበሳ ደግሞ ባትላሜራ ጋ ይውሰዱት፤ በስቱኮ የተሞላ ዝገት አንድ ክረምት አይሻገርም።

ባትሪውን ሳይነቅሉ እጅ ማስገባት

በአሮጌ መኪና ላይ ብዙው ሽቦ ፊውዝ የለውም። ሲሪስ 2ኤ የሚባለው አሮጌ የላንድሮቨር ሞዴል ፊውዝ ሳጥን ሁለት ፊውዝ ብቻ ነው ያለው። አምፔር ጌጅ ያለበት ዳሽቦርድ ከሆነ ደግሞ የመኪናው ኃይል አብዛኛው በዚያ ጌጅ ጀርባ ያልፋል። ካቻቪቴዎ እዚያ ብረት ከነካ ሽቦው ወዲያው ይግላል፣ ይቀልጣል።

መጀመሪያ የሚነቀለው ከቦዲው ጋር የታሰረው ተርሚናል ነው። በአብዛኛው ኔጋቲቭ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ገደማ በተሠሩ ላንድሮቨሮች ላይ ከቦዲው ጋር የታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን ገመዱ የት እንደሄደ ይዩ። ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ውስጥም ባለ 24 ቮልት አሉ። አምፖል ከመግዛትዎ በፊት በተስተር ይለኩ።

አስታውሰዋለሁ ብሎ መንቀል

አያስታውሱም። ስልክዎን ያውጡና ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ ያንሱ። እያንዳንዱን ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት የወረቀት ፕላስተር ጠቅልለው ቁጥር ይጻፉበት። ለብሎኖቹ ደግሞ ካርቶን ላይ የዳሽቦርዱን ቅርጽ ይሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ይሰኩት። አንድ ላይ ጣሳ ውስጥ ከተቱት ግን ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ይገባና ከጀርባ ያለውን ሽቦ ይወጋል።

የቀለም ኮዱን ማወቅም ይረዳል። በላንድሮቨር ላይ ቡናማ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል አለበት። ነጩ ቁልፍ ሲከፈት፣ አረንጓዴው ቁልፍ ሲከፈት በፊውዝ በኩል ነው። ሰማያዊው የትልቁ መብራት፣ ቀዩ የፓርኪንግ፣ ጥቁሩ ማሳ፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው። ይህን ይዘው ግን ወደ ቶዮታ አይሂዱ። እዚያ ማሳው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ሽቦ ነው። ደግሞም ብዙ እጅ የገባበት መኪና ላይ የትኛውንም ቀለም በተስተር ሳያረጋግጡ አይመኑ።

የኪሎ ሜትሩን ገመድ መጎተት

ፓኔሉ ከተፈታ በኋላ ትንሽ ወጣ ይልና እንቢ ይላል። የያዘው ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጀርባ የታሰረው ገመድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎትታል። ገመዱ ከታጠፈ በኋላ መርፌው ከ40 እስከ 60 እየዘለለ ይኖራል።

እጅዎን ከሥር ወደ ላይ ያስገቡ። ጣትዎ ጠርዙ የሻከረ ክብ ዳዶ ያገኛል። በጣት ብቻ ወደ ግራ ያዙሩት። ከጠነከረ ዘይት ጠብ አድርገውበት ሻይዎን ጠጥተው ይመለሱ፤ በፒንሳ ከጠመዘዙት ይሰነጠቃል። ገመዱ ሲወጣ የውስጠኛውን ጠራርገው በስሱ ግሪስ ያስነኩት። ወደ ቆጣሪው የሚገባውን የመጨረሻ አንድ ስንዝር ግን ደረቁን ይተዉት። ግሪስ ከነካው ገመዱ ሲዞር እየወጣ ቆጣሪው ውስጥ ይገባና መርፌውን ያጣብቀዋል።

ሽቦን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል

ይህ የሁሉም አሮጌ መኪና በሽታ ነው። ቴፕ ሲገባ አንድ ሽቦ ተላጠ፣ የስልክ ቻርጀር ሲገባ ሌላ፣ የጭጋግ መብራት ሲገባ ሌላ። ሁሉም ተጠምዝዞ በፕላስተር ታሰረ። የጠጠር መንገዱ ንቅናቄ ያላላዋል፣ የላላው ይግላል፣ የጋለው ፕላስተሩን ያቀልጣል።

ዳሽቦርዱ ከተፈታ አይቀር ይህንን ሁሉ ያጽዱ። መጋጠሚያውን በሊድ ይበይዱ ወይም በተርሚናል በደንብ ይጭመቁ፣ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ ያልብሱት። ለቴፕና ለቻርጀር የራሱ ፊውዝ ያለው አንድ ወፍራም መስመር ከባትሪው ያምጡ።

ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ብርማ ወረቀት ወይም የመዳብ ክር የሚያስገቡ አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ፊውዙ የተቃጠለው ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት ስለነካ ወይም መስመሩ ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ነው። ፊውዙ እንዳይቃጠል ካደረጉት በእሱ ፈንታ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ ያለው ልክ ከእግርዎ ከፍ ብሎ ነው።

ጌጁን ሳይመረምሩ መፍረድ

የሙቀት ጌጅ አልሠራም ሲል ሁሉም ጌጁን ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጌጁ አይደለም። ሞተሩ ላይ ያለውን ሴንሰር ሽቦ ይንቀሉ፣ ቁልፉን ይክፈቱና የሽቦውን ጫፍ ለአፍታ ብቻ ብረት ያስነኩ። መርፌው ወደ ሙቅ ከተነሣ ጌጁም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው፤ የሞተው ሴንሰሩ ነው። ካልተነሣ ሽቦውን ወደ ኋላ እየተከተሉ ይለኩ።

ሴንሰሩን ቤት ውስጥም መፈተሽ ይቻላል። ምድጃ ላይ በተጣደ ውሃ ውስጥ ጫፉን አንጠልጥለው በተስተር ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያውን ልክ) ያንብቡ። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ ያለማቋረጥ መውረድ አለበት። ከዘለለ ወይም ባለበት ከቆመ ሴንሰሩ አልቋል። ታዲያ ውሃው ሲፈላ 100 ዲግሪ ደረሰ ብለው አያስቡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ገደማ። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሴንሰር “ዝቅ አድርጎ ያነባል” ተብሎ የሚጣልበት ጊዜ አለ።

በዚሁ አጋጣሚ የራዲያተር ክዳኑንም ይዩት። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ ዲግሪ አልፎ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው ያለቀ ክዳን ካለዎት፣ ደጋ ላይ መርፌው ቀዩን ሳይነካ ውሃው ሊፈላ ይችላል።

በኋለኞቹ ሲሪስ 2ኤና በሲሪስ 3 ላይ ሌላም ነገር አለ። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ የሚሠሩት በ10 ቮልት ነው፤ ከጀርባ አንዲት ትንሽ የቮልት ማረጋጊያ ታስራለች። ሁለቱም ጌጆች እኩል ከፍ ብለው የሚያነቡ ከሆነ መጀመሪያ የእሷን ማሳ ይፈትሹ። ጌጁን በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር ማሰር ደግሞ ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

በቤንዚንና በቲነር ማጽዳት

ቤንዚን ፕላስቲኩን ያደበዝዛል፣ ቪኒሉን ያደርቃል። ላምባም እንዲሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ላርጎና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የጌጁን ፊት በጨርቅ አይሹት፤ የአሮጌ ጌጅ ቁጥር እርጥበት ሲነካው ተነሥቶ ጨርቁ ላይ ይቀራል። በደረቅ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉ።

ሁለት ቦታ ላይ ጥንቃቄ ይጨምሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ የወታደር ጂፕ ከሆነ፣ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ቁጥር ራዲየም ሊኖረው ስለሚችል ጌጁን አይክፈቱት፣ አይፋቁት። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ያረጀ የሙቀት መከላከያ ንጣፍም አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በደረቁ አይቅደዱት፤ ውሃ ረጭተው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው ያንሱት።

ስንጥቁን በስቱኮ መሙላት

የባለ 40ው ፓኔል ብረት ስለሆነ ራሱ አይሰነጠቅም። ባለ 60ው ላንድክሩዘርና ከላዩ ስፖንጅ ያለው ሁሉ ግን ይሰነጠቃል። ስቱኮ ደረቅ ነው። ዳሽቦርዱ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በደጋው ብርድ ይኮማተራል፤ ስቱኮው አብሮት ስለማይሄድ በዚያው መስመር እንደገና ይከፈታል። የስንጥቁን አፍ አስፍተው የሚተጣጠፍ መሙያ ይጠቀሙ፣ ወይም ጨርሰው በቆዳ ያልብሱት።

ለቆዳው ተራውን የጫማ ማስቲሽ አይመኑት። ቆላ ሲወርዱ፣ መስታወቱ ተዘግቶ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም፣ ይለሰልስና ጠርዙ ይነሣል። ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ይጠይቁ። ጥቁር ሆኖ የማያንጸባርቅ ቆዳ ይምረጡ። የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ በጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ ይታያል፤ መንገዱን ይጋርድብዎታል።

ማሳውን በቀለም መሸፈን

ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ከዚያ ቀለሙ። ክረምት ላይ አይቀቡ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያነጣዋል። ጥቅምትን ይጠብቁ። ቀደም ብሎ የሲሊኮን ማብረቂያ የተቀባ ቦታ ካለ በደንብ ታጥቦ ይለቅ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ነጠብጣብ እየሠራ ይሸሻል።

ዋናው ግን ይህ ነው። በብረት ዳሽቦርድ ላይ ብዙ ጌጅና አምፖል ማሳ የሚያገኘው ከፓኔሉ ብረት ነው። ሁሉንም አሳምረው ከቀቡት ማሳው ይቋረጥና ሲሠራ የነበረው ሁሉ ይሞታል። የሚታሰርበትን ነጥብ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ይቀቡ፣ ወይም ከፓኔሉ ጀርባ አንድ የማሳ ሽቦ ጨምረው ከቦዲው ጋር ይሰሩት። በሪቬት የተመታ የመረጃ ሰሌዳ ካለም ይሸፍኑት። የቻሲስ ቁጥር ካለበት ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል።

ዘግቶ መሞከር

ፓኔሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ባትሪውን ይሰሩና የመጀመሪያውን ዝርዝር ይዘው አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሞተሩንም አስነሥተው መርፌዎቹን ይዩ። ከዚያ በኋላ ይዝጉ። ብረት ከብረት የሚነካበት ቦታ ሁሉ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ያስገቡ፤ በጠጠር መንገድ የሚንጫጫው እዚያ ነው። ብሎኑን እጅግ አያጥብቁ። የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ደርሰው ሲመለሱ እንደገና ይነካኩት።

የወጣውን ኦሪጅናል ጌጅ ለቆራሌ አይስጡ። ጌጅና ሴንሰር ጥንድ ናቸው፤ የአንዱ መኪና ከሌላው ጋር እውነቱን አያነብም። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሄደው ምትክ ሲፈልጉ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ናሙናውን ነው።