ቺንጋዋ ከተቀየረ በኋላ ጉልበት ያጣችው ኮሮላ

4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላት ኮሮላዬ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈቻ ከፒስተኖቹ እንቅስቃሴ ጋር የሚያጣጥመው ቀበቶ) በተቀየረላት ማግስት ዳገት እምቢ አለች። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅም ትጠጣለች። ካንዴላ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።

በመጨረሻ የቺንጋውን ሽፋን ፈትቼ ምልክቶቹን አየሁ። የክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ክብ መዘውሩ፣ ላይ ያለው ጭረት የ0 ምልክት ላይ ሲቆም የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፑሊ ትንሽ ቀዳዳ ከኋላው ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለበት። አልገጠመም፤ ቺንጋው አንድ ጥርስ ስቷል። (ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው የሚዞረው፤ ቀዳዳው ታች ከሆነባችሁ አንድ ዙር ጨምሩ።)

የባትሪ ገመድ ነቅዬ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቼ፣ የመወጠሪያውን ቡሎን አላላሁና ቺንጋውን ከካም ፑሊው ላይ አንሸራትቼ በትክክለኛው ጥርስ መለስኩት። መወጠሪያውን ሞላው ራሱ እንዲስበው ለቀቅኩት። ከዚያ ክራንኩን በቡሎን መፍቻ ቁልፍ፣ በእጄ፣ ቀስ ብዬ በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ካየሁ በኋላ ነው ቡሎኑን ያጠበቅኩት። ይህን ሁለት ዙር እባካችሁ አትዝለሉት! በእኔ ሞተር ቺንጋ ቢስትም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ በብዙ ሞተሮች ግን ይጋጫሉ፣ ቫልቭ ይታጠፋል። በእጅ ስታዞሩ ከያዘባችሁ አታስገድዱት።

ዛሬ እንጦጦን ሳትንቀጠቀጥ ወጣች።