ዛፍ መርጦ መቀመጥ፦ በጅማ ደን ዳር ሎጅ አርፈው ወፎችን ለሚመለከቱ

በዝናባማ ደን ውስጥ ወፍ መመልከት በሐይቅ ዳር ወይም በሜዳ ላይ ከመመልከት የተለየ ሥራ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ቆሞ ፍላሚንጎና ፔሊካን ማየት የለመደ ሰው ወደ ጅማ ደኖች ሲመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው ነገር ብዙ ድምፅ እየሰማ ምንም አለማየት ነው። እንደ ቀረሮ ያሉት ዛፎች ከ30 ሜትር በላይ ይመዘዛሉ፤ ቅጠላቸው ብርሃኑን ያስቀራል፤ አብዛኞቹ ወፎችም ውሎአቸው ከላይ ነው። ስለዚህ በሸቤ በኩል ወደ በለጠ ጌራ ደን የገባም ሆነ ለጅማ ከተማ ቀረብ ባለ የቡና ደን ዳር ያረፈ እንግዳ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በደኑ ውስጥ ሲዘዋወር ከማርፈድ ይልቅ ወፍ የሚመጣበትን ዛፍ መርጦ ቢቀመጥ የተሻለ ያያል።

የሚመረጠው ዛፍ ፍሬው የደረሰ ሾላ ወይም ዋርካ ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ ለማግኘት ወደ ላይ ከማንጋጠጥ ይልቅ መሬቱን ማየት ይቀላል፤ የተፈረካከሰና በግማሹ የተበላ ፍሬ ከሥሩ ተበትኖ ካገኙ፣ በማግሥቱ ማለዳ የሚቀመጡበትን ቦታ አገኙ ማለት ነው። የሎጁን ዘበኛ መጠየቅም ብዙ ድካም ያስቀራል፤ ጉሬዛና ጦጣ የሚሰበሰቡበትን ዛፍ እሱ ያውቀዋል፣ ወፎቹም ከዚያ አይርቁም። ከዛፉ ሥር መቀመጥ ግን አንገት ከማሳመም በቀር ጥቅም የለውም። ከ20 እስከ 30 ሜትር ያህል ርቀው፣ ፀሐይን ከኋላዎ አድርገው፣ ከተቻለም ከዛፉ አናት ጋር ትይዩ በሆነ ተዳፋት ላይ ይቀመጡ፤ ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች አረንጓዴውም ቀዩም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ተዳፋት ላይ የተሠራ ሎጅ በረንዳ ካለው ከዚያ የተሻለ መቀመጫ አይፈለግም።

በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ አስቀድሞ የሚታወቀው ብርማ ጉንጭ ያለው ሆርንቢል ነው፤ የሚታወቀውም ከመታየቱ በፊት ነው፤ ሲበር ክንፉ የሚያሰማው የአየር ፉጨት ከሩቅ ይሰማልና። ሰውነቱ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ወንዱ በመንቁሩ ላይ ትልቅ ቢጫማ ጉብታ አለው። በእርባታ ወቅት ሴቷ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ራሷን አሽጋ ትቀመጣለች፣ ወንዱም በጠባብ ስንጥቅ በኩል ፍሬ ያቀብላታል፤ ስለዚህ አንድ ወንድ ሆርንቢል ወደ አንድ ግንድ ደጋግሞ ሲመላለስ ካዩ ጎጆው እዚያ ነውና ወደዚያ አይጠጉ። ቀጥሎ የሚፈለገው ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ ነው። ይህ ወፍ በቅርንጫፍ ላይ መብረር ሳይሆን መሮጥ ይወዳል፤ ቅጠል ውስጥ ሲቆም አረንጓዴነቱ ይሰውረዋል፣ ክንፉን ሲዘረጋ ግን ደማቅ ቀዩ ይወጣል። የቱራኮዎች ቀይ ቀለም መዳብ ካለበት ንጥረ ነገር የሚገኝ ነው፤ በሌሎች ወፎች ዘንድ አይገኝም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ጥቁር ራስና ቢጫ ሆድ ያለው ኦሪዮል፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ቢጫ ግንባር ያለው በቀቀን ወደ እነዚህ ዛፎች ሊመጡ ይችላሉ፤ በቀቀኑን ለማየት ግን ዕድል ያስፈልጋል። ፍሬ ያለው ዛፍ ከጠፋ በበጋ ያበበ ኮርች ይፈልጉ፤ በቀይ አበባው ላይ የአበባ ማር የሚቀስሙት ትናንሽ ወፎች አይጠፉም።

ብዙ እንግዶች ቡና ያለበትን ደን እንደ እርሻ ቆጥረው «ዋናው ደን» ወዳሉት ይቸኩላሉ። በእኔ አስተያየት ጀማሪ መነሣት ያለበት ከቡናው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮሎጂካል ኮንሰርቬሽን መጽሔት የታተመ፣ በኢትዮጵያ የጥላ ቡና ማሳዎች ላይ የተደረገ ጥናት በማሳዎቹ ውስጥ ከደኑ የበለጠ ዓይነት ወፎች መገኘታቸውን አሳይቷል፤ ሆኖም ደንን ብቻ የሚመርጡት ወፎች በደኑ ውስጥ በቁጥር እንደሚበዙ ጨምሮ ገልጿል። ለተመልካችም ማሳው ይመቻል፤ ሰሳ፣ ዋንዛና ብርብራ የተባሉት ዛፎች ለጥላ በቀሩበት፣ ከሥር ያለው ቁጥቋጦ በተመነጠረበት ማሳ ዓይን ርቆ ማየት ይችላል፤ ዓይን ከለመደ በኋላ ወደ ጥልቁ መግባት ይቻላል።

በጥልቁ ደን ውስጥ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይቀድማል። ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ የቆየ ደን በድንገት በጫጫታ ሲሞላ የተለያየ ዓይነት ያላቸው ነፍሳት ተመጋቢ ወፎች አብረው እየተጓዙ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አይከተሏቸው፤ ባሉበት ቆመው አንዱን ብቻ መርጠው ያስተውሉት፣ ሁሉን ለማየት የሚሞክር ሁሉንም ያጣል። ናሪና ትሮጎን የተባለው ወፍ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ቀይ ሆዱን ሸሽጎ አረንጓዴ ጀርባውን ሰጥቶ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥ፣ ድምፁን ከሰሙ በመካከለኛ ከፍታ ያሉትን ቅርንጫፎች በባይኖኩላር አንድ በአንድ መፈተሽ ብቻ ነው መፍትሔው።

ባይኖኩላሩን በተመለከተ 8×42 የተባለው፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላውና የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። 10 ጊዜ የሚያጎላው በሜዳ ላይ ቢመረጥም በደን ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋት ይጠባል፣ በደብዛዛ ብርሃንም ይጨልማል። ከ2 እስከ 3 ሜትር ድረስ ቀርቦ የሚያጠራ መሆኑን ሳይገዙ በፊት ይሞክሩ። ማለዳ ከክፍል ሲያወጡት መስተዋቱ በጉም ሊሸፈን ስለሚችል ከመጠቀምዎ ጥቂት ቀደም ብለው በረንዳ ላይ ያቆዩት። ዝናብ ሲመጣ ከዝናብ ካፖርት ይልቅ ጃንጥላ ይሻላል፤ ካፖርቱ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ጉንዳን ስለማይጠፋ የሱሪዎን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ይህን ንቆ ያለፈ ሰው ብዙም ሳይቀመጥ ይነሣል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው የመጡት ወፎችም በአገር ውስጥ ናቸው። ከቀኑም ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ነው፤ እኩለ ቀን ለቡናና ለዕረፍት ይተዉት።

ደኑ ባለቤት አለው። በበለጠ ጌራ በኦሮምኛ ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና የሚባሉ የነዋሪዎች ማኅበራት ደኑን ከመንግሥት ጋር ያስተዳድራሉ፤ በለቀማ ወራትም በየማሳው ሰው አለ። ስለዚህ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርገው ይግቡ፣ ያገኙትን ገበሬም «አካም ቡልታን» (እንዴት አደሩ) ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ ማሳውን ለማለፍ ፈቃድ ይጠይቁ። ወፉን ለመጥራት የተቀዳ ድምፁን በስልክ ማሰማት የተለመደ ቢሆንም መተው አለበት፤ ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይወጣልና።

ከደኑ የተረፈ አንድ ከሰዓት ካለዎት ለከተማዋ ቅርብ ወደሆነው የቦዬ ረግረግ ይሂዱ። ባለ ዘውዱን ጥቁር ክሬን የተባለውን ትልቅ ወፍ ለማየት የተሻለ ዕድል ያለው እዚያ ነው፤ ጉማሬም ስለሚኖርበት ግን ወደ ውኃው ዳር አይጠጉ።

ያዩትን በዚያው ቀን ይመዝግቡ። ስሙን ካላወቁት መጠኑን ከድምቢጥ፣ ከእርግብ ወይም ከቁራ ጋር አነጻጽረው፣ የመንቁሩን ቅርፅ፣ የተቀመጠበትን ዛፍና ሲያደርግ የነበረውን ይጻፉ፤ ቀለም ብቻ የተጻፈበት ማስታወሻ በኋላ አይረዳም። መዝገቡን ኢበርድ በተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ መረጃ ቋት ላይ የሚያስገቡ ከሆነ ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይለውጡ፣ በሰዓቱም ላይ 6 ይደምሩ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብለው የጻፉት በዚያ 7:00 ተብሎ ይገባል። ይህ ካልተስተካከለ ረፋድ ላይ በፀሐይ ያዩት ወፍ በውድቅት ሌሊት እንደታየ ሆኖ ይመዘገባል።