ዶሮዬ ለምን ታነክሳለች?

ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍቱ ሌሎቹ ተሽቀዳድመው ይወጣሉ። አንዷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ስትወጣም አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቶሎ ታነሳዋለች። ያኔ ብዙ ሰው የሚለው አንድ ነው፦ «ወለም ብሏት ነው፣ ይለቃታል።» አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ይለቃታል ተብሎ ሲጠበቅ እግሯ ይበላሻል።

የኔ አንዷ ዶሮ እንዲህ ሆናለች። ከቆጥ ስትዘል ተጎድታ ነው ብዬ አራት ቀን ጠበቅኩ። በአምስተኛው ቀን ስይዛት ቀጭን ክር የመሃል ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ጣቷ ጠቁሯል፣ ቀዝቅዟል። ጣቷን አጣች። በመጀመሪያው ቀን ይዤ ባያት ኖሮ በትንሽ መቀስ የሚያልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የምታነክስ ዶሮ ካየሁ ያን ቀን ሳልይዛት አላድርም።

መጀመሪያ ከሩቅ ተመልከቷት

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ደክማ ከታየች ሌሎቹ ይነቁሯታል፣ ከመኖም ያባርሯታል። ስለዚህ በግልጽ እያነከሰች ከሆነ ሕመሙ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል።

ከመያዛችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። የትኛው እግር ነው? ጨርሶ አትረግጥበትም ወይስ እየረገጠች ታነክሳለች? ጣቶቿ ተዘርግተዋል ወይስ ታጥፈዋል? ትበላለች? ኩሷ እንዴት ነው? አንድ እግር ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቁስል ወይም ጉዳት ነው። ሁለቱም እግሮች ከደከሙ ግን ነገሩ ከእግር ያለፈ ሊሆን ስለሚችል መኖዋን፣ ነርቧን፣ እንቁላሏንና ተላላፊ በሽታን አስቡ።

ለመያዝ ምሽት ይሻላል። ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ በጨለማ አትሸሽም። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት። ደረቷን አጥብቃችሁ አትያዙ። ዶሮ የምትተነፍሰው ደረቷንና ሆዷን እያንቀሳቀሰች ስለሆነ ደረቷ ከታፈነ ትታፈናለች። በጀርባዋም ለረጅም ጊዜ አታስተኟት።

ከዚያ ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ውስጥ እግሯን፣ በጣቶቿ መካከል፣ ጥፍሮቿን፣ ቅርፊታሙን እግር፣ መገጣጠሚያዎቹን፣ ጭኗን፣ መጨረሻ ላይ ሆዷን እዩ። እያንዳንዱን ቦታ ከደህናው እግር ጋር አነጻጽሩ። ሙቀትም እብጠትም የሚታወቀው በማነጻጸር ነው። ቀለበት ካላት ጠቦባት እንደሆነም እዩ። ቄብ እያለች የተደረገ ቀለበት ስታድግ እግሯን ያንቃል።

ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ

እቤት በሚረቡ ዶሮዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ምክንያት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ውስጥ እግሯ መሃል ላይ ክብ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ የቁስል ቅርፊት ታያላችሁ። ዙሪያው ያበጠና የሚሞቅ ሊሆን ይችላል። ሲብስ እብጠቱ በጣቶቿ መካከል አልፎ ከላይ በኩል ይታያል።

የሚጀምረው በትንሽ ጭረት ነው። እሾህ፣ ስንጥር፣ የሽቦ ጫፍ፣ ሹል ጠጠር ሊሆን ይችላል። ቆጡ ከፍ ካለና መሬቱ ጠንካራ ከሆነ በየቀኑ መዝለሉ ራሱ ቆዳዋን ያቆስላል። ጉዝጓዙ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ኩሱም ያቃጥለዋል። በዚያ ቀዳዳ ባክቴሪያ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ነው። ከባድ ዶሮዎች ላይ ይበዛል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም። ውስጥ ሆኖ እንደ ሰም ይጠጥራል። ስለዚህ በጣት እየጨመቁ ማውጣት አይሠራም። ኢንፌክሽኑን ወደ ጅማትና ወደ አጥንት መግፋት ብቻ ነው ትርፉ።

ገና ጅማሬው ከሆነ፣ ማለትም ቅርፊቱ ትንሽ ሆኖ ብዙ እብጠት ከሌለ፣ እቤት ማከም ይቻላል። የእጅ ጓንት አድርጉ፤ ባክቴሪያው ወደ ሰው ቁስልም ይገባል። እግሯን ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ንከሩ። የኤፕሰም ጨው (ማግኒዥየም ሰልፌት፣ የምግብ ጨው አይደለም) ካላችሁ ጨምሩበት። በደንብ አድርቁ። ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን የቁስል ማጽጃ ቀቡ። ንጹህ ጎዝ አድርጋችሁ በሚለጠጥ ፋሻ በጣቶቿ መካከል እያሳለፋችሁ እሰሩት። ፋሻውን በየቀኑ፣ ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ካሰራችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቿን ንኩ። ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ጠብቋል፣ ፍቱት።

እብጠቱ ትልቅ ከሆነ፣ ወደ ላይ ካለፈ ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ሐኪም ቀዶ ማጽዳት አለበት። በኢንተርኔት እያዩ እቤት በምላጭ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። እኔ በፍጹም አልመክርም። ማደንዘዣ የለም፣ ደም ይበዛል፣ ለዶሮዋም ሥቃይ ነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ካዘዘ እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ሳትጠይቁ አትውጡ።

እግሯ ድኖ ቆጡ ካልተስተካከለ ግን ተመልሶ ይመጣል። ለከባድ ዶሮ ከ50 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ቆጥ ይበቃል። እንጨቱ ጠርዙ የተከረከመ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ከሥሩ ወፍራም ደረቅ ጉዝጓዝ አድርጉ።

የእግሯ ቅርፊቶች ተነስተዋል

ጤነኛ እግር ለስላሳ ነው። ቅርፊቶቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ተኝተዋል። ቅርፊቶቹ ከተነሱ፣ ከሥራቸው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከወጣና እግሯ ከወፈረ ተባይ ገብቶባታል። በዓይን የማይታይ፣ በሰው ላይ እከክ ከሚያመጣው ተባይ ጋር የሚዛመድ ነው። ቅርፊቱ ሥር ገብቶ ይሰረስራል።

መፍትሄው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። እግሯን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ንከሩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ እሹ፣ አድርቃችሁ ቫዝሊን በደንብ ለቅልቁ። ቫዝሊኑ ተባዩን አየር ያሳጣዋል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ለጥቂት ሳምንታት ድገሙት። ቅርፊቱን በጥፍር አትላጡ፣ ይደማል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ቆዳዋን ያቃጥላልና ተዉት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስለሚተላለፍ የሁሉንም እግር እዩ፣ ቆጡንም አጽዱ። የተበላሸው ቅርፊት እስኪቀየር ወራት ይፈጃል። ስለዚህ መልኩ ወዲያው ባይስተካከል ሕክምናው አልሠራም አትበሉ።

ቁስል የለም፣ መገጣጠሚያዋ ግን አብጧል

ላባው አልቆ ቅርፊቱ የሚጀምርበትን መገጣጠሚያ ሰው ሁሉ ጉልበቷ ይለዋል። በእውነቱ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጉልበቷ ላባ ውስጥ ተደብቆ ከሆዷ አጠገብ ይገኛል። ሁለቱንም ዳስሱ።

ድንገት ካነከሰች፣ እብጠቱ ትንሽ ከሆነ፣ ጥቂትም ቢሆን ከረገጠችበት ወለምታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ለስም ያህል ዕረፍት አይደለም፣ እውነተኛ ዕረፍት። መቆምና መዞር የምትችልበት፣ መዝለል ግን የማትችልበት ጠባብ ቦታ ውስጥ አስገቧት። ቆጥ አይኑር። ውሃና መኖ አፏ ሥር ይሁን። ሌሎቹን እያየች ብትሆን ጥሩ ነው፤ ከመንጋው ተለይታ ከቆየች ስትመለስ እንደ ባዕድ ይነቁሯታል። በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ መሻሻል ካልታየ ወለምታ ብቻ አይደለም።

የተመታ ቦታ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ። የዶሮ ቆዳ ሲመታ እንዲህ ነው ቀለሙ። የሚያስፈራው ጥቁር፣ ቀዝቃዛና የሚሸት ሲሆን ነው።

እግሯ ከተንጠለጠለ፣ ያለ ቦታው ከታጠፈ ወይም ስትነኩት አጥንት ሲፋጭ ከተሰማችሁ ስብራት ነው። ራሳችሁ ለመጠገን አትሞክሩ። በፎጣ ጠቅልላችሁ እንዳትወራጭ አድርጉና ሐኪም ጋ ውሰዷት። ለሰው የታዘዘ ማስታገሻም በግምት አትስጧት።

መገጣጠሚያው ከሞቀ፣ በሁለቱም እግር ካበጠ ወይም ከአንድ በላይ ዶሮ ከያዘ ግን ኢንፌክሽን ጠርጥሩ። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ መገጣጠሚያንና ውስጥ እግርን ያሳብጣል። ይህን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል።

እግሯ ደህና ነው፣ እሷ ግን ታነክሳለች

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። እግሯን ገልብጦ አይቶ ምንም ያጣል።

እንቁላል የምትጥል ከሆነች መጀመሪያ ሆዷን አስቡ። ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ጅራቷን አውርዳ እያማጠች ከሆነ፣ ጎጆዋ ገብታ ሳትጥል ከወጣች እንቁላል ተይዞባት ሊሆን ይችላል። የተያዘው እንቁላል ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ሲጫን ታነክሳለች። ሞቅ ባለ ውሃ የታችኛውን አካሏን ለ20 ደቂቃ ንከሩ፣ አድርቃችሁ ጸጥ ያለ ሞቃት ቦታ አስቀምጧት። ሆዷን አትጭመቁ። እንቁላሉ ውስጥ ከተሰበረ ይገድላታል። ያን ቀን ካልጣለች ሐኪም ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ካልሲየም ነው። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። መኖዋ ያን ካልሰጣት ከራሷ አጥንት ታወጣለች። መጀመሪያ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል። ቀጥሎ እግሮቿ ይደክማሉ፣ መቀመጥ ታበዛለች፣ አጥንቷም በቀላሉ ይሰበራል። ዓይኗ ንቁ ነው፣ ትበላለች፣ መቆም ግን ያቅታታል። የእንቁላል ጣይ መኖ ስጧት። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም በምጣድ ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በሌላ ዕቃ አስቀምጡላት። የሚያስፈልጋትን ያህል ራሷ ትመርጣለች። ፀሐይም ታግኝ። ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ ወደ ደሟ አይገባም። ይህን መኖ ግን ለጫጩት አትስጡ፤ የበዛው ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ማሬክ የሚባለው በሽታ ነው። ገና እንቁላል ያልጀመረች ወይም አሁን የጀመረች ቄብ ድንገት ትደክማለች። አንዱን እግሯን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ትተኛለች። ቫይረስ ነው፣ የእግር ነርቧን ያሳብጠዋል። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው በተፈለፈሉበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ጫጩት ስትገዙ ተከትበው እንደሆነ ጠይቁ። ቫይረሱ ከላባ በሚረግፍ ብናኝ ይተላለፋል፣ በአቧራም ውስጥ ለወራት ይቆያል። የታመመችውን ለዩ። መብላትና መጠጣት ካቃታት ሥቃዩን ማራዘም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ይህን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

ጫጩቶች

ሁለት እግሮቿ እንደ መቀስ ወደ ጎን ተከፍተው የሚንሸራተቱባት ጫጩት ከሆነች ወለሉን እዩ። ጋዜጣና ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ሸካራ ጨርቅ አንጥፉ፤ እግሮቿንም በለስላሳ ፕላስተር በተፈጥሯቸው ርቀት አቀራርባችሁ ለጥቂት ቀናት እሰሩ። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ሊሆን ስለሚችል የቫይታሚን ዱቄት በውሃ ስጡ። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ እግሯ ወደ ጎን ከተጠማዘዘ ጅማቷ ከቦታው ወጥቷል። ይህን ሐኪም ቶሎ ካላየው ላይመለስ ይችላል።

ዛሬውኑ ሐኪም የሚጠራበት

ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ካነከሱ ወይም ከሞቱ፣ አንገታቸው ከተጠመዘዘ፣ ሲተነፍሱ ድምፅ ካሰሙ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ካላቸው ፈንግል ሊሆን ይችላል። አትሽጡ፣ አትረዱ፣ ወደ ጎረቤት አትውሰዱ፤ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ። እግሯ ከዛለ በኋላ ክንፏና አንገቷም እየዛለ ከሄደ ደግሞ የበሰበሰ ሬሳ ወይም ትል በልታ ተመርዛ ሊሆን ይችላል። ግቢውን ፈትሹ፣ የሞተ እንስሳ ካለ አውጡና ቅበሩ፤ እሷንም ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ አድርሷት።

ወደ መንጋው ስትመለስ

ድና ስትመልሷት በማታ፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ አስገቧት። ጠዋት ቀድማችሁ ተነሱና በሩን ስትከፍቱ እዚያው ቁሙ። መኖውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዷ እየነቆረች ካስቸገረቻት የዳነችውን መልሳችሁ አታውጡ፤ የምትነቁረውን ለሁለት ቀን ለዩ።