የቀን ቴስት ሲወድቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ክሎን አድርጋችሁ (ወደ ማሽናችሁ ገልብጣችሁ) ገና አንድ መስመር ሳትነኩ ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትሹትን ፕሮግራሞች፣ ስታስኬዱ ጥቂቶቹ ቀይ ሊሆኑ (ሊወድቁ) ይችላሉ። የወደቁት ሁሉ ስለ ቀን ወይም ስለ ሰዓት ከሆኑ ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት የስህተት መልእክቱን በደንብ አንብቡ። የተጠበቀውና የተገኘው ውጤት በስንት ይለያያሉ? አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ወይስ ለዓይን ምንም? የልዩነቱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ መንስኤውን ይጠቁማል።

በመጀመሪያ ግን ጥፋቱ የእናንተ ለውጥ አለመሆኑን አረጋግጡ። የጀመራችሁት ለውጥ ካለ በጊት ስታሽ (ለውጥን ለጊዜው ወደ ጎን በሚያስቀምጠው ትዕዛዝ) አስቀምጡና ሜን ብራንች (ዋናው የኮድ ቅጂ) ላይ ያንኑ ቴስት ብቻ አስኪዱ። እዚያም ከወደቀ የእናንተ አይደለም። ቀጥሎ ከአንድ ወር በፊት ሲአይ (ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው አገልግሎት) ላይ አረንጓዴ የነበረ ኮሚት (በኮዱ ታሪክ የተመዘገበ ለውጥ) አውጡና በዚያው ኮሚት ሎክ ፋይል (የፓኬጆቹን ትክክለኛ ቅጂ በሚመዘግበው ፋይል) ጥገኛ ፓኬጆቹን ጭናችሁ ሞክሩ። እሱም ዛሬ ከወደቀ መንስኤው ከኮዱ ታሪክ ውስጥ አይገኝም፤ ሰዓቱ፣ የሰዓት ቀጠናው፣ የቋንቋ ቅንብሩ ወይም ማሽናችሁ ላይ ያለው የኖድ፣ የጃቫ ወይም የፓይተን ቅጂ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጊት ባይሴክት (ስህተቱን ያመጣውን ኮሚት ከታሪኩ ውስጥ የሚፈልገውን ትዕዛዝ) መጀመር ጊዜ ማባከን ነው።

ምልክት፦ ውጤቱ በአንድ ቀን ይቀድማል ወይም ይዘገያል

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፤ መንስኤውም የሰዓት ቀጠና ነው። ጃቫስክሪፕትን እንውሰድ። «2025-03-10» የሚል ጽሑፍ ለዴት (ለቋንቋው የቀን ዓይነት) ሲሰጠው የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ የዚያው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ ትክክል ይመስላል። ዋሽንግተን ላይ ግን ገና የማርች 9 ምሽት ስለሆነ ቴስቱ ይወድቃል። ተቃራኒውም አለ፦ ቀኑ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት ቁጥሮች ተሰጥቶት ከተሠራ የማሽኑ የራሱ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ያንን ሁልጊዜ በዩቲሲ በሚጽፈው በቱአይኤስኦስትሪንግ ወደ ጽሑፍ ስትቀይሩት አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ የትናንትናውን ቀን ይሰጣል። ዋሽንግተን ላለው አስተዋጽዖ አድራጊ ያልፋል፤ ለእናንተ ሁልጊዜ ይወድቃል። የጊትሀብ አክሽንስ ማሽኖች በዩቲሲ ስለሚሠሩ ሲአይ ላይ ሁለቱም ያልፋሉ። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚሉ ረጃጅም ክርክሮች ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከዚህ ነው።

ሦስተኛው መልክ ሌሊት ብቻ የሚታየው ነው። ኮዱ «ዛሬ»ን በዩቲሲ፣ ቴስቱ በማሽኑ ሰዓት ካሰሉት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ይወድቅና ከዚያ በኋላ በራሱ ያልፋል። ስለዚህ ቴስት ሲወድቅ የግድግዳውን ሰዓትም መዝግቡ።

ለማረጋገጥ ቲዜድ የሚባለውን፣ የሰዓት ቀጠናውን የሚወስነውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል እየቀያየራችሁ ያንኑ ቴስት አራት ጊዜ አስኪዱ፦ በዩቲሲ፣ በአሜሪካ/ኒውዮርክ፣ በአፍሪካ/አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም ከዩቲሲ 14 ሰዓት በሚቀድመው በፓሲፊክ/ኪሪቲማቲ። ሊኑክስና ማክ ላይ ቫሪያብሉን ከትዕዛዙ ፊት መጻፍ ይበቃል። ዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ይህን አጻጻፍ አይቀበልም፤ «ሴት» (set) በሚባለው ትዕዛዝ አስቀድማችሁ መድቡት። ለፓይተን ግን ዊንዶውስ ላይ እነዚህ የቀጠና ስሞች በቲዜድ በኩል ስለማይሠሩ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደው) ወይም ዶከር ውስጥ አስኪዱ።

መፍትሄው ቴስቱ የሚጠብቀውን ቁጥር መቀየር አይደለም፤ እንዲያ ካደረጋችሁ እናንተ ጋ አልፎ ሌላው ጋ ይወድቃል። ዋጋው የልደት ወይም የበዓል ቀን ከሆነ ሰዓት የሌለው ዓይነት ይሁን፦ ጃቫ ላይ ሎካልዴት፣ ፓይተን ላይ ዴት። ጃቫስክሪፕት ላይ በሦስት ቁጥሮች ሥሩትና በአካባቢ ሰዓት በሚያነቡት ጌተሮች አንብቡት፤ ወር ከዜሮ እንደሚጀምር አትርሱ። ዋጋው የተወሰነ ቅጽበት ከሆነ ደግሞ ቀጠናው በግልጽ ይጻፍ። አንዳንዶች የቴስት ቅንብሩ ውስጥ ዩቲሲን አስገድደው ይገላገላሉ። ቴስቱ ዝም ይላል፤ ስህተቱ ግን ናይሮቢና ኒውዮርክ ያለው ተጠቃሚ ላይ ይቀራል። ይህን የምንመክረው ኮዱ በአራቱም ቀጠናዎች ትክክል መሆኑ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው፣ ወይም ቀኑ 23 ሰዓት ይሆናል

አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ይቀይራሉ፤ ቀኖቻቸው ግን አይገጥሙም። በ2025 አሜሪካ ማርች 9፣ አውሮፓ ማርች 30 ቀየሩ። ኢትዮጵያ ሰዓት ስለማትቀይር ይህ ስህተት በራሳችሁ ቀጠና ፈጽሞ አይታያችሁም። መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ነገ»ን ለማግኘት 86,400 ሰከንድ መደመር ነው። በቀን መቁጠሪያው አንድ ቀን ደምሩ እንጂ ሰከንድ አትደምሩ። ፓይተን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በዞንኢንፎ ቀጠና የተሰጠው ዴትታይም ላይ 24 ሰዓት ብትደምሩም የሚደመረው የግድግዳ ሰዓት ነው። እውነተኛ 24 ሰዓት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ወደ ዩቲሲ ቀይሩት።

ምልክት፦ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቴስቱ ግን ይወድቃል

«3:00 ፒኤም» በሚመስል የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ላይ ከሆነ ክፍተቱን መርምሩ። የቋንቋ መረጃው ሲኤልዲአር በቅጂ 42 ከኤኤምና ከፒኤም በፊት ያለውን ተራ ክፍተት ዩ+202ኤፍ በሚባል ጠባብ፣ መስመር የማይሰበር ክፍተት ተካው። ለውጡ ከኖድ 18.13 እና ከጃቫ 20 ጋር ስለመጣ አዲስ ቅጂ የጫነ ሊያገኘው ይችላል። ማወዳደሪያው ውስጥ ማንኛውንም ዓይነት ክፍተት ወደ ተራው ቀይሩት። የቀድሞ ቅጂ ጭናችሁ ማለፍ ግን ችግሩን ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፍ ነው።

የኢትዮጵያ አቆጣጠርን የሚጠብቁ ቴስቶችም እዚህ ይወድቃሉ። የኢትዮጵያ አማርኛ ቅንብር በራሱ የሚሰጠው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር በአማርኛ ፊደል በተጻፉ የፈረንጅ ወር ስሞች ነው። መስከረምንና ጳጉሜን የምትፈልጉ ከሆነ ኢትዮፒክ ካሌንደርን በስም ጥሩ። ቴስቱ ላይም 6 ቀን ያላት የ2015 ጳጉሜን ይግባበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው በእሷ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ በአንዳንድ ቀኖች ብቻ ይወድቃል

ወሩ በገባ በ29፣ 30 ወይም 31 ከሆነ ወር መደመር ላይ ነው። ጃንዋሪ 31 ላይ ሆናችሁ ወሩን ብቻ ወደ ፌብሩዋሪ ብትለውጡ ጃቫስክሪፕት በ2025 ማርች 3 ይሰጣችኋል። ቀኑን አስቀድሞ ወደ 1 መመለስ ያድናል። ፌብሩዋሪ 29 ላይ ዓመቱን ብቻ መቀየር ፓይተንን ቫሊውኤረር ያስጥለዋል። ሲያልፍ ከርሞ ከአንድ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ «የወደፊት» ተብሎ የተጻፈው ቀን አልፏል ማለት ነው፤ ወይም የቴስቱ ሰርተፍኬት ጊዜው አብቅቷል። ቀኑን ወደ 2099 መግፋት የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ሰዓቱን ማቆም እንመርጣለን።

ሰዓት ለማቆም ጄስት (የጃቫስክሪፕት የቴስት መሣሪያ) የራሱ ሴትሲስተምታይም አለው፤ ለፓይተን ፍሪዝገን፣ ለጃቫ ክሎክ ፊክስድ አለ። ኮዱን ሳትነኩ ችግሩን ለማሳየት ሊኑክስ ላይ ሊብፌክታይም ይረዳል፤ ጎ (Go) በሚባለው ቋንቋ ለተጻፉ ፕሮግራሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ጄስት ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሰዓቱን ስታቆሙ ታይመሮቹም አብረው ይቆማሉ፤ ሴትታይምአውት የሚጠብቅ ቴስት ተንጠልጥሎ በ5 ሰከንድ ይወድቃል። ዱኖትፌክ በሚለው አማራጭ ታይመሮቹን ነጻ ተዋቸው።

ምልክት፦ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል

ኮዱና ቴስቱ «አሁን»ን ለየብቻ ስለሚጠይቁ በመካከሉ ሚሊሰከንድ ያልፋል። አንዴ ጠይቃችሁ ያንኑ ለሁለቱም አሳልፉ። ዳታቤዝ ካለበት፣ ፖስትግሬስ የሚያስቀምጠው እስከ ማይክሮሰከንድ ስለሆነ ጃቫ ሊሰጠው የሚችለው ናኖሰከንድ ወደ ማይክሮሰከንድ ተጠጋግቶ ይመለሳል። ከማስቀመጣችሁ በፊት ራሳችሁ ቁረጡት።

መንስኤውን ካገኛችሁ በኋላ ጥገናውን ከጀመራችሁት ሥራ ጋር አትቀላቅሉ። መጀመሪያ ኢሹዎቹን (ፕሮጀክቱ ላይ የተመዘገቡ የችግር ሪፖርቶችን) ፈልጉ፤ ካልተነገረ አዲስ ክፈቱና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ የኖዱን ወይም የፓይተኑን ቅጂ፣ ቀጠናውን፣ ቋንቋውን፣ የወደቀበትን ሰዓት በዩቲሲ እና ችግሩን የሚያሳየውን አንድ መስመር ትዕዛዝ አስገቡ። ለብቻው በሚከፈተው ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ ይግባልኝ ጥያቄ) ውስጥ ሲአይ ቴስቱን በዩቲሲ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ሁለት ቀጠናዎችም እንዲያስኬድ ጥያቄ አቅርቡ፤ አንዱ ከዩቲሲ የሚቀድም፣ አንዱ ወደ ኋላ የሚቀር ይሁን።